በዊልቸር ከአዲስ አበባ ዳርቻ የአንድ ቀን ሽርሽር፦ ቢሾፍቱ፣ እንጦጦ፣ ጉለሌ፣ መልካ ቁንጡሬ ወይስ የመኪና መስኮት?

«ቦታው ለዊልቸር ይመቻል?» ብሎ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ምንም ችግር የለም፣ ሰው አለ፣ እናነሳችኋለን» የሚል ነው። ቅንነቱ አይጠረጠርም። ከመልሱ ግን ስንት ደረጃ እንዳለ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ያለው መንገድ አስፋልት ይሁን ኮረኮንች አይታወቅም። እናም ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ምሳ ቋጥሮ ይሄድና ባለዊልቸሩ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሌሎቹ አይተው እስኪመለሱ ይጠብቃል። ይህ እንዳይደርስ ከውበቱ በፊት መንገዱን መመዘን ያስፈልጋል።

ከዚህ በታች በከተማዋ ዳርቻና በቅርብ ርቀት ያሉ አምስት አማራጮች ተወዳድረዋል። በእጅ የሚገፋ ዊልቸር ለሚጠቀሙ፣ አብረዋቸው ለሚወጡ፣ እንዲሁም በምርኩዝ ለሚሄዱና ሩቅ መራመድ ለሚያቅታቸው አረጋውያን ይሆናል።

በምን እንመዝን?

*የመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች።* አውራ ጎዳናው ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ወሳኙ ከመኪናው ወርደው የሚያዩት ነገር ጋር እስኪደርሱ ያለው ርቀት ነው። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ስለሆኑ በኮብልስቶን ክፍተት፣ በልቅ ጠጠርና በዛፍ ሥር ይሰነቀራሉ። ያን ጊዜ ወንበሩ ድንገት ይቆምና ተቀማጩ ወደ ፊት ይወረወራል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ረዳቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ በትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው መግፋት ያለበት። ለመቶ ሜትር አንድ ጠንካራ ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሁለት ተለዋጭ ገፊዎች ያስፈልጋሉ።

*ዳገት።* ለዊልቸር ተብሎ የሚሠራ መወጣጫ በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ይህ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል፤ ስልክዎ ላይ ያለው ውኃ ልክ ይለካዋል። ሰውና ወንበር አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑ በዚህ ዳገት ላይ ገፊው 7 ኪሎ ያህል ጫና ያለማቋረጥ ይገፋል። ዳገቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው ወደ 14 ኪሎ ይወጣል። ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፤ ገፊው ከላይ ሆኖ ከያዘ እጁ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ረዳቱ ከታች በኩል ቆሞ፣ የወንበሩን ጀርባ አስቀድሞ፣ የተቀማጩን ፊት ወደ ዳገቱ አዙሮ ቀስ እያለ ያውርድ።

*መጸዳጃ ቤት።* የተለመደ የእጅ ዊልቸር ከጎማ እስከ ጎማ ከ60 እስከ 70 ሴ.ሜ. ይሰፋል። በሩ ሲከፈት 80 ሴ.ሜ. ክፍት ቦታ ካልሰጠ የተቀማጩ ጣት በመቃኑ ይላጣል፣ ወይም ወንበሩ ጭራሽ አይገባም። ውስጥ ለመዞር 150 በ150 ሴ.ሜ. ያስፈልጋል። መቀመጫ ያለው ይሁን የቁጭታ ደግሞ ሳይጠይቁ አይሂዱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ስለዚህ ሲጠይቁ ውለታ የለመኑ አይምሰልዎ። አንገታቸው ወይም የላይኛው ጀርባቸው አከርካሪ ለተጎዳ ሰዎች ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ፊኛ ሞልቶ ሲቆይ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ፣ ከባድ ራስ ምታትና ላብ ሊያመጣ ይችላልና «ቤት እስክንገባ እንታገሥ» የሚባል ነገር የለም።

*ከፍታና አየር።* አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲደርሱ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህ ለገፊውም ለተቀማጩም እኩል ነው።

*ማፈግፈጊያ።* ዝናብ ቢመጣ ወይም ሰውየው ቢደክም በ10 ደቂቃ ውስጥ መኪናው ጋ መመለስ ይቻላል? ካልተቻለ ቦታው ቢያምርም ለመጀመሪያ ጉዞ አይሆንም።

ከቦታው በፊት መኪናው

ብዙ ቤተሰብ ትልቅ መኪና ይሻላል ብሎ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሩፍ ይከራያል። ለዊልቸር ተጠቃሚ ግን ቁመቱ ጠላት ነው። የዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 50 ሴ.ሜ. ያህል ነው፤ የኮሮላ ዓይነት የቤት መኪና መቀመጫም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ክንዱ ጠንካራ የሆነ ሰው ራሱ ተንሸራቶ ይገባል። 70 በ25 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ጠርዙ የተላገ ለስላሳ ሳንቃ በመሃል ቢጋደም ሥራው ይቀላል። ላንድክሩዘር ላይ መቀመጫው ከፍ ስለሚል ማንሳት ግድ ይሆናል፤ በቀን አራት ጊዜ መውጣትና መግባት ካለ አራት ማንሳት ነው ማለት ነው። ሃይሩፍ ለቡድን ይሆናል፤ በተንሸራታች በሩ ገብቶ መታጠፍ ግን ጉልበቱ ለማይታጠፍ አረጋዊ ይከብዳል። ለእነርሱ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቪትዝ ለመግባት ጥሩ ነው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው ግን ጠባብ ነው። የሚታጠፍ ዊልቸር የሚገባው የኋላው መቀመጫ ወደ ፊት ሲታጠፍ ነውና ተሳፋሪ ይቀነሳል። የማይታጠፍ ወንበር ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ በመሃላቸው ያለውን ቁልፍ ተጭኖ የሚነቀሉ መሆናቸውን ቤት ሆነው ይሞክሩ። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ባትሪውን ጨምሮ ብዙውን ጊዜ ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ባትሪውም ዳገት ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ከዚህ በታች ላሉት አብዛኞቹ ቦታዎች የእጅ ወንበር ይዞ መሄድ ይመከራል። በእጅ የሚዘወረው ባለሦስት ጎማ በኮረኮንች ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ በር ግን አይገባም፣ መኪናም አይጭነውም።

ቢሾፍቱ፦ ሐይቁን ከላይ ማየት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ከአምስቱ የምንመርጠው ይህን ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል፤ በፈጣን መንገዱ ከሄዱ ጉዞው ለስላሳ ነው። መንገጫገጭ ለጀርባና ለመቀመጫ ቁስል ጠንቅ ለሆነባቸው ሰዎች የፈጣን መንገዱ ክፍያ የሚያስቆጭ አይደለም። በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው የድሮው መንገድ የከባድ መኪና ብዛትና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለበት። ጥቅሙ በፈለጉበት ቦታ ማረፍ መቻሉ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ እንደልብ አይቆምም፤ ከመግቢያው በፊት መጸዳጃ ይጠቀሙ።

ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ስለምትል መተንፈስ ይቀላል። አስቸጋሪው የሐይቆቹ አፈጣጠር ነው። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ናቸው ቢባል ይቀላል። ውኃው ከሳህኑ ሥር ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ወደ ውኃው የሚወርድ መንገድ ሁሉ ወይ ደረጃ ወይ ኃይለኛ ቁልቁለት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የየትኛውም ሆቴል ባለቤት ቢለፋ የመሬቱን ቅርጽ አይቀይረውም።

መፍትሔው ሳህኑ ከንፈር ላይ መቀመጥ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከከተማው መሃል አጠገብ ስለሆነ አፋፉ ላይ በረንዳ ያላቸው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አሉ። መኪና በር ድረስ ደርሶ፣ አንድ ሁለት እርከን አልፎ፣ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሲደውሉ መጠየቅ ያለብዎት «ከመኪና ማቆሚያው እስከ በረንዳው ስንት እርከን አለ? የበረንዳው መከለያ ቁመቱ ስንት ነው?» ብለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚረሳ ነው። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከመሬት 120 ሴ.ሜ. ያህል ላይ ነው፤ መከለያው 1 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ከሆነ የሚታየው ሰማይና የወዲያኛው ዳር ብቻ ነው። የብረት ፍርግርግ ከሆነ ሐይቁ በመሃሉ ይታያል።

ውኃው ዳር መድረስ ለሚፈልግ ኩሪፍቱ ዳርቻው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጠው። ጀልባ የሚፈልግ ሰው ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ትንሽ ጀልባ ላይ መጫን የለበትም፤ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጀልባዋን ያንገዳግዳታል፣ ከተገለበጠችም ወንበሩ ያሰጥማል። ወንበሩ ፍሬን ተይዞ ዳር ይቅር። ሁለት ሰው አስቀድሞ ጀልባው ውስጥ ገብቶ ይቀበል፣ የሕይወት አድን ሰደርያው ከመነሳቱ በፊት ይታሰር፣ ከጀርባው መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ከሆነ አንድ ሰው ከኋላ ይቀመጥ።

የጨለለቃ ሐይቅ ሜዳማ ቦታ ላይ ነውና ወፍ ለማየት ሊሞከር ይችላል፤ ዙሪያው ግን ዋልካ አፈር ነው። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ጎማ ላይ ይለጠፍና በፍሬኑና በጎማው መሃል ተጠቅጥቆ ወንበሩን ይቆልፈዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ይሂዱ፤ ያኔም ስንጥቁን ይጠንቀቁ። ከመስቀል በኋላ ባለው የኢሬቻ እሑድ ሆራ አርሰዲ አካባቢ እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለሚሰበሰብ መኪና ቅርብ አይደርስም።

እንጦጦ፦ ቅርብ ነው፣ ቀላል ግን አይደለም

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ፣ ካፌና የመኪና ማቆሚያ ስላለው በቀላሉ ይመረጣል። ከከተማው ሰሜናዊ ዳርቻ ስለሆነ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ በኪራይ መኪናም ሆነ በራይድ ይደረሳል። ነገር ግን ፓርኩ የተሠራው ተራራ ላይ ነው። ንጣፉ ለስላሳ መሆኑ ዳገቱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ጠዋት ጤዛ ሲኖር ጎማ ይንሸራተታል።

የሚሠራው ዘዴ አንድ ቦታ መርጦ እዚያው መዋል ነው። ሹፌሩ ቤተሰቡን ካፌው አጠገብ አድርሶ ይቁም፤ ባለዊልቸሩ በዙሪያው 200 ወይም 300 ሜትር የሆነውን ደልዳላ ክፍል ይንሸራሸር። ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ካስፈለገ በመኪና ነው። በሩ ላይ «አካል ጉዳተኛ ይዘናል፣ መኪናው እስከ የት ይገባል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። እየገፋሁ ሙሉውን ፓርክ አዳርሳለሁ የሚል ረዳት በ3,000 ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይዝላል፤ የዛለ ረዳት ደግሞ ቁልቁለት ላይ አደጋ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምና አጠገቧ ያለው የድሮ ቤተ መንግሥት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ግቢው ወጣ ገባ ነው፣ መግቢያዎቹ እርከንና ከፍ ያለ ደፍ አላቸው፤ ቤተ መንግሥቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የዱሮ ቤት ነውና በሮቹ ለጎማ አልታሰቡም። ውጪውን ማየት፣ ዛፉ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን መግባት ለሚሹ፣ ጫማ በሚወለቅበት ቦታ ጎማው እንዴት እንደሚሆን ጥያቄ ይነሳል። አስተዳዳሪውን ወይም ዲያቆናቱን በትሕትና ጠይቆ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ መግባት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ለዚሁ አንድ ጨርቅና የላስቲክ ውኃ ይያዝ። ወር በገባ በ21 የማርያም፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ1 የራጉኤል ዕለት ተራራው ላይ ሕዝብ ስለሚበዛ ለሽርሽር አይሁን። ለመሳለም ከሆነ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት መድረስ ነው።

ብርዱን አይናቁት። እግሩ የማይሰማው ሰው ቅዝቃዜው አይታወቀውም፤ ጋቢ ከወገብ በታች ይጠቅለል፣ ጫፉ ግን ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ከጭን ሥር ይወተፍ።

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል

የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን፣ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለ ተራራማ ደን ነው። ከእንጦጦ የሚለየው ጸጥታው ነው፤ ግርግር የሚያስጨንቃቸው አረጋውያንና ልጆች ይወዱታል። ለዊልቸር ግን የውስጥ መንገዱ ዳገትና ጠጠር ይበዛበታል። በምርኩዝ የሚሄድ፣ በየ50 ሜትሩ ማረፍ የሚችል ሰው ይጠቀምበታል። ዊልቸር ከሆነ በመግቢያው አካባቢ ባለው ክፍል ይወሰኑ፣ የሚታጠፍ ወንበር ለአጃቢዎች ይያዙ።

መልካ ቁንጡሬ፣ ካስቻለም ጢያ

ታሪክ ለሚወድ ሰው በቡታጅራ መንገድ 50 ኪ.ሜ. ያህል ሄዶ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዘር የድንጋይ መሣሪያ የሠራበት ቦታ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ጎጆ መሰል ክብ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ጥቂት እርከንና ደፍ ማለፍ ከተቻለ መስታወት ውስጥ ያሉትን በቅርበት ማየት ይቻላል። ቁፋሮው ያለበት ሜዳ ግን አፈርና ሣር ነው፤ ደረቅ ወቅትና ሁለት ገፊ ይጠይቃል።

በዚያው መንገድ ወደ ፊት ከተኬደ፣ ከአዲስ አበባ 85 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ፣ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡት 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። የቆሙበት ሜዳ ደልዳላ ስለሆነ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ ከብዙዎቹ የአገራችን ጥንታዊ ቦታዎች ይልቅ ለዊልቸር የቀረበ ነው። በመሃል ወደ አዳዲ ማርያም መገንጠያ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከመሬት ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች መግቢያዋ በደረጃ ነው፣ ጣሪያዋን ግን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነውና መቀመጫው ለቆሰለ ሰው አይመከርም። በዚህ መስመር ላይ አመቺ መጸዳጃ ይገኛል ብለው አይተማመኑ፤ የሽንት ጠርሙስ፣ ጋቢ ለመከለያ፣ እርጥብ ሶፍትና ላስቲክ ይያዙ።

በመኪና መስኮት፦ ሱሉልታ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ

ከመኪና ሳይወርዱ መዋል ሽርሽር አይደለም የሚሉ አሉ። ቁስል ያለበት፣ ከሆስፒታል በቅርቡ የወጣ ወይም ማንሳት የሚያሳምመው ሰው ግን ምርጫው ይህ ነው፤ ለእርሱ ሙሉ ሽርሽር ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከክረምት ማግሥት አረንጓዴ ሲሆን፣ በአምቦ መንገድ ዳር ያለው የገፈርሳ ግድብ ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ የሚታይበት ነው። መኪናው ራሱ መሸሸጊያ ይሆናል፣ ወፎቹ ቆሞ ከሚሄድ ሰው ይልቅ ከቆመ መኪና አይሸሹም። ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ ከመንገድ ዳር ሆነው ይመልከቱ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተክለውታል የሚባለው የመናገሻ ሱባ ጥድ ደን ከሁሉም ያምራል፤ መዳረሻው ግን ሸካራ ነውና በደረቅ ወቅት፣ ከፍ ባለ መኪና ብቻ።

| አማራጭ | ርቀት | ከፍታ | ከመኪና ሲወርዱ | መጸዳጃ | ረዳት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቢሾፍቱ (አፋፉ ላይ) | 45 ኪ.ሜ. ገደማ | 1,900 ሜ. ገደማ | አጭር፣ ጥቂት እርከን | በሆቴል፣ በር ይለካ | 1 |
| እንጦጦ ፓርክ | የከተማው ዳርቻ | ወደ 3,000 ሜ. | ንጣፍ፣ ዳገት | በካፌ፣ በር ይለካ | 2 |
| ጉለሌ | የከተማው ዳርቻ | ከከተማው ከፍ ያለ | ጠጠርና ዳገት | አስቀድሞ ይጠየቅ | 2 |
| መልካ ቁንጡሬና ጢያ | 50 እና 85 ኪ.ሜ. ገደማ | ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ | አፈር፣ ሣር | የራስ ዝግጅት | 2 |
| በመኪና መስኮት | ከ20 እስከ 45 ኪ.ሜ. ገደማ | ከከተማው ከፍ ያለ | መውረድ የለም | የራስ ዝግጅት | 1 |

ለማን የቱ?

ዋናው ወጪ መኪናው ነው። ገንዘብ ለቸገረው ቤተሰብ እንጦጦ በራይድ፣ ግማሽ ቀን፣ ምሳ ከቤት ይዞ ይበቃል፤ ሁለት ገፊ ግን ግድ ነው። ትንሽ ለሚችል፣ በቤት መኪና ኮንትራት ቢሾፍቱ ይሻላል። በሥራ ቀን ቢኬድ በረንዳው ላይ ቦታ አይጠፋም፤ ከተማ ውስጥ ለመዘዋወር ባጃጅ ርካሽ ነው፣ ዊልቸሩን ሁለተኛ ባጃጅ ይጭነዋል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው እንጦጦንና ጉለሌን ይተው፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውጣ። የላይኛው አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ ለሙቀት እንደሚገባው ስለማያልብ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ቢሾፍቱ ላይ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይዋል፣ ፊቱና አንገቱ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዝቅዝ። ከከተማ ለሚያስወጣ ጉዞ ሁሉ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ማለዳ ከሹፌሩ ያጣሩ።

ማንሳት የማይቀር ከሆነ

«እናነሳለን» ያሉት ሰዎች በቅንነት የሚይዙት መጀመሪያ የእጅ መደገፊያውን ነው። የብዙ ዊልቸር እጅ መደገፊያና እግር መርገጫ ግን ተነቃይ ነው፤ አየር ላይ ይነቀልና ሰው ይወድቃል። የሚያዘው የማይነቀለው የብረቱ አጥንት ነው። ሁለት ሰው ከኋላ መግፊያውን (ላስቲኩ የሚሽከረከር ከሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት)፣ ሁለት ሰው ከፊት የአጥንቱን ታችኛ ክፍል ይያዝ። ፍሬኑ ይያዝ፣ ቀበቶ ወይም መቀነት ከወገብ ይታሰር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሌላ ማንም አይቁጠር። ደረጃ ሲወጣ የወንበሩ ጀርባ ይቀድማል።

አንድ እርከን ብቻ ከሆነ ማንሳት ሳያስፈልግ ሳንቃ ይበቃል። 15 ሴ.ሜ. ለሚሆን እርከን፣ ረዳት እየገፋ፣ 90 ሴ.ሜ. የሚረዝም፣ 80 ሴ.ሜ. የሚሰፋ፣ ከሥሩ ማጠናከሪያ እንጨት የተመታበት ወፍራም ኮምፔርሳቶ አናጢ ይሠራል። ላዩ ላይ አሸዋ በቀለም ቢለጠፍ አያንሸራትትም። ያለ ረዳት ብቻዎን የሚነዱ ከሆነ ግን ይህ ዳገቱ የበዛ ነውና አይሞክሩት።

ከመነሳትዎ ከሁለት ቀን በፊት

ወደ ቦታው ደውለው «ይመቻል?» በማለት ፋንታ ሜትር በሩ ላይ ዘርግተው ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፦ የመጸዳጃው በር፣ መግቢያው እርከን፣ ከማቆሚያው እስከ መቀመጫው ያለው መንገድ። ሦስት ፎቶ ካልላኩ ሌላ ቦታ ይደውሉ። የኋላ ጎማዎቹን አየር ያስሞሉ፤ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ይሞላል፣ ግን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ እንዳያልፍ ይቁሙበት። አየሩ ከወረደ ወንበሩ ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጎማውን በደንብ አይዝም፤ የብዙ ወንበር ፍሬን ጎማውን በመጫን ስለሚሠራ። መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ የፊት ጎማውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍና አንድ ትርፍ ብሎን በትንሽ ቦርሳ ከወንበሩ ሥር ይታሰር። ጉዞው ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫ ከፍ ማለት ወይም ወደ ጎን ማጋደል ለመቀመጫ ቁስል መከላከያ ነው፤ ሹፌሩ ስልኩ ላይ ማንቂያ ይሙላ።